ላሟን ማን ይደባብሳት?

«ስታርዲው ቫሊ» በተባለው የእርሻ ጌም ውስጥ ላሞችን የሚደባብስ ማሽን አለ። አንድ ጊዜ በረት ውስጥ ከተተከለ ባለቤቱ ቢመጣም ባይመጣም በየቀኑ እንስሳቱን ያዳርሳል። ማሽኑ ወደ ጌሙ የገባው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በወጣ ማሻሻያ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ተጫዋቹ በየማለዳው በረት እየገባ እያንዳንዷን ላም በእጁ መንካት ነበረበት። ሲነካት ከራሷ በላይ ትንሽ ልብ ብቅ ብላ ትጠፋለች። በዓይን የሚታየው ይኸው ብቻ ነው።

ያቺ ልብ ግን እንዲሁ አትቀርም፤ ጌሙ የገበሬውንና የላሟን ወዳጅነት በየቀኑ ይመዘግባል። የተደባበሰች፣ ድርቆሿን ያላጣች፣ ብራ ሲሆን ወጥታ ሣር የጋጠች ላም ውላ አድራ ትልቅና ጥሩ ዋጋ የሚያወጣ ወተት ትሰጣለች። የተረሳችው ቅር ይላታል፤ ወዳጅነቷም ይቀንሳል። ማሽኑ ሲመጣ ታዲያ ሒሳቡ በጥንቃቄ ነው የተሠራው። በማሽን የተደባበሰች ላም ወዳጅነቷ የሚያድገው በእጅ ከተደባበሰችው በግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ማሽኑን በገንዘብ መግዛት የሚችለውም የመንደሩን አኗኗር ሊውጥ ከመጣው ከጆጃ ኩባንያ ጋር የወገነ ተጫዋች ነው። ሌላው ሰው አደገኛ ዋሻ ውስጥ ወርዶ ሲቀናው ያገኘዋል። ጌሙን ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ለፍቶ ለገበያ ያበቃው አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን ነው፤ እስከ አሁን ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል። በዚህ ሁሉ ሰው ዘንድ የላም መደባበስ አሰልቺ የቤት ሥራ ሆኖ አለመቅረቱ ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው።

የአስተዳደር ጌሞች ማለትም ተጫዋቹ እርሻ፣ ከተማ፣ መንደር ወይም የእንስሳት ማቆያ እየመራ የሚያሳድግባቸው ጌሞች ደስታቸው ሥራን ከእጅ ማውጣት ላይ ነው። መጀመሪያ አትክልቱ ውኃ የሚጠጣው በእጅ ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ይተከላል፤ ከዚያ ተጫዋቹ ዞር ብሎ ሌላ ነገር ያቅዳል። እንስሳትን መንከባከብ በዚህ መንገድ አይሄድም። ሙሉ በሙሉ ከእጅ ከወጣ እንስሳው ከቧንቧው ጋር አንድ ዓይነት ዕቃ ይሆናል። ሁልጊዜ በእጅ ይሁን ከተባለ ደግሞ አሥረኛዋ ላም ሸክም ትሆናለች፤ ሃምሳኛዋ ጌሙን ታስዘጋለች። ጥሩ የጌም ሠሪዎች ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ሲታገሉ የኖሩት ከዚህ ጋር ነው።

ትግሉ በግልጽ የጀመረው በ1996 ነው ማለት ይቻላል። በዚያ አንድ ዓመት ሦስት ሥራዎች ወጡ፤ ሁለቱ ከጃፓን፣ አንዱ ከእንግሊዝ።

ዓለምን ያዳረሰው የባንዳይ ኩባንያ «ታማጎቺ» ነው፦ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ሦስት ቁልፎች ያሉት፣ በኪስ የሚያዝ መጫወቻ። ውስጡ ያለው ፍጡር ይራባል፣ ይጸዳዳል፣ ይታመማል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ካጣ ይሞታል። በጃፓኑ ቅጂ ሲሞት መቃብር ይታይ ነበር፤ ለውጭ ገበያ በተዘጋጀው መልአክ ሆኖ እንዲሄድ ተደረገ። ልጆች ክፍል ውስጥ ሳይቀር ይዘውት ስለሚገቡ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከለከሉት። ሐሳቡን ያመነጩት አኪሂሮ ዮኮይና አኪ ማይታ በ1997 በምጣኔ ሀብት ዘርፍ የኢግ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ይህ መጀመሪያ የሚያስቁ፣ ቀጥሎ የሚያሳስቡ ሥራዎች የሚታወሱበት ሽልማት ነው። ምክንያቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠር የሥራ ሰዓት ወደ ምናባዊ እንስሳት እርባታ በማዞራቸው ነበር።

«ታማጎቺ» ሰውን የያዘው በስጋት ነው። ጩኸቱ ሲሰማ ልጁ ይደነግጣል፤ ሲያበላው ይረጋጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ይጮኻል። እንዲህ ያለው እፎይታ ለጊዜው ኃይል አለው፤ ሆኖም ከተማ ወይም እርሻ በሚመራበት ጌም ውስጥ ሲገባ ቶሎ ወደ ምሬት ይለወጣል፤ ምክንያቱም የሚጮኸው አንድ ሳይሆን አርባ ነው። ኒንቴንዶ በ2005 «ኒንቴንዶግስ» የተባለውን የውሾች ጌም ሲያወጣ ይህን ስጋት አስቀረው፤ እዚያ ውሻ አይሞትም።

ሁለተኛው የጃፓን ሥራ በሚያዛኪ ገጠር ባደገው ያሱሂሮ ዋዳ የተፈጠረው «ሃርቨስት ሙን» ነው። በጠብና በጦርነት የተሞሉ ጌሞች በበዙበት ዘመን ላም መቦረሽና ላም ማነጋገር የጨዋታ አካል እንዲሆን አደረገ። የዛሬው «ስታርዲው ቫሊ» የእርሱ ልጅ ነው፤ ባሮንም ይህን አልደበቀም።

ሦስተኛው በብዙ አንባቢ ዘንድ የማይታወቅ ቢሆንም ከሁሉም የደፈረው እርሱ ነው። እንግሊዛዊው ስቲቭ ግራንድ በሠራው «ክሪቸርስ» ውስጥ «ኖርን» የሚባሉ ትንንሽ ፍጡራን አሉ። እያንዳንዱ ኖርን ወደ 1000 የሚጠጉ ሰው ሠራሽ የነርቭ ሴሎች ያሉት አንጎል፣ በሰውነቱ ውስጥ የሚዘዋወር የኬሚካል ሥርዓት እና ለልጆቹ የሚያወርሰው ዘረመል ተሰጥቶታል። ተጫዋቹ ቃል ያስተምረዋል፤ ደግ ሲሠራ ይኮረኩረዋል፣ ሲያጠፋ መታ ያደርገዋል። ምን እንደሚማር ግን አስቀድሞ የጻፈለት ሰው የለም። ሰዎች ለእነዚህ ፍጡራን የነበራቸው ስሜት እጅግ የበረታ ነበር። አንድ ተጫዋች ኖርኖችን እያሰቃየ በኢንተርኔት ማሳየት ሲጀምር ሌሎቹ በቁጣ ጻፉለት፤ አንዳንዶቹም የተሰቃዩትን ኖርኖች ወስደው ሊያስታምሟቸው ሞከሩ። በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ቁጥር መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር። ነገር ግን ያ ቁጥር ለሠሩለት ነገር በራሱ መንገድ ይመልስላቸው ነበር።

እንክብካቤን ደስታ የሚያደርገው ይህ መልስ ነው። ልብም ሆነ ነጥብ ወይም ወተት ዋጋ የሚያገኘው እንስሳው የተደረገለትን እንዳወቀ ካሳየ በኋላ ነው።

ይህን በትልቅ ደረጃ የሞከረው በ2001 የወጣው የላይንሄድ ስቱዲዮ «ብላክ ኤንድ ዋይት» ነው። ስቱዲዮውን ይመራ የነበረው ፒተር ሞሊኑ ከዚያ አራት ዓመት በፊት በ«ደንጀን ኪፐር» ፍጡራንን ማስተዳደር ሞክሮ ነበር። እዚያ ጭራቆቹ መኝታ፣ ዶሮና ደመወዝ ይፈልጋሉ፤ ካልተመቻቸው ጥለው ይሄዳሉ፤ በጥፊ ሲመቱ ደግሞ ጤናቸው እየተጎዳ ሥራ ያፋጥናሉ። ያ የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት ነበር። በ«ብላክ ኤንድ ዋይት» ግን ተጫዋቹ አምላክ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው እጁ ብቻ ነው። መንደሮች ይመራል፣ ተአምር ይሠራል፤ ከሁሉም በላይ ግን አንድ እንስሳ ያሳድጋል። ሲጀምር ነብር፣ ላም ወይም ዝንጀሮ ይመርጣል። እንስሳው መጀመሪያ ትንሽ ነው፤ ኋላ ከቤቶቹ በላይ ከሩቅ የሚታይ ግዙፍ ይሆናል።

ይህ እንስሳ ጌታውን ያያል። ተጫዋቹ እርሻ ላይ ዝናብ ሲያዘንብ ደጋግሞ ካየ እርሱም ዝናብ ማዝነብ ይጀምራል። ተጫዋቹ ድንጋይ በቤት ላይ ሲወረውር ካየ ያንንም ይማራል። አንድ ነገር ሲያደርግ ተጫዋቹ ማውሱን በቀስታ እያንቀሳቀሰ ከደባበሰው «ይህ ደግ ነው» ብሎ ይይዛል፤ በፍጥነት እያወዛወዘ በጥፊ ከመታው ይተወዋል። ብዙ ከበላ ይወፍራል፣ ብዙ ከሠራ ጡንቻ ያወጣል፤ ምግባሩ መልኩ ላይ ይታያል። ደግ ጌታ ያሳደገው ፊቱ ይበራል፣ ክፉ ያሳደገው አስፈሪ ይሆናል። የእንስሳውን አእምሮ የቀመረው ሪቻርድ ኢቫንስ ሲሆን፣ ሥራው ዛሬም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታሪክ ውስጥ ይነሳል።

አስቸጋሪው ነገር የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። ነብሩ አንድ የመንደር ሰው አንስቶ ዋጠ እንበል። ተጫዋቹ ደንግጦ እጁን እስኪያደርስ ድረስ ነብሩ ሌላ ነገር ጀምሯል፤ ምናልባት ሜዳ ላይ ተጸዳድቷል። ጥፊው ሲያርፍበት የተረዳው ሰው አትብላ የሚለውን ነው ወይስ እዚህ አትጸዳዳ የሚለውን? ተጫዋቹ አያውቅም። ከሰዓታት በኋላ ነብሩ እንደገና ሰው ሲበላ እምቢተኛ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ትምህርቱ አልደረሰውም። ከአራት ዓመት በኋላ በወጣው ሁለተኛው ክፍል ሠሪዎቹ ይህን ለማቅናት እንስሳው ከድብደባውም ሆነ ከመደባበሱ ምን እንደተማረ በስክሪኑ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ አደረጉ። ግራ መጋባቱ ቀረ። ከእርሱ ጋር ግን አንድ ትልቅ ነገር አብሮ ሄደ። ተጫዋቹ የእንስሳውን ዓይንና አኳኋን ማየት ትቶ ጽሑፉን ማንበብ ጀመረ፤ ፍጡሩ ቀስ በቀስ የሚስተካከል መሣሪያ መሰለ። ሁለቱን ጌሞች አስተያይቶ የተጫወተ ሰው የመጀመሪያውን በናፍቆት የሚያስታውሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

በመደናገርና በደረቅ ቁጥር መካከል ያለውን ስፍራ ማግኘት ከባድ ነው። በዚያው በ2001 የወጣው «ዙ ታይኩን» ቀላሉን መንገድ ያዘ፦ አንበሳው ሲመቸው ከራሱ በላይ ፈገግ ያለ አረንጓዴ ፊት፣ ሲከፋው የተቆጣ ቀይ ፊት። ለልጆች ጥሩ ነበር፤ ብዙዎችን ከእንስሳት ማቆያ ጌሞች ጋር ያስተዋወቀውም እርሱ ነው።

ብዛትን በተመለከተ ደግሞ ከሁሉም የረቀቀ መልስ የሰጠው በዚያው ዓመት የወጣው የሺገሩ ሚያሞቶ «ፒክሚን» ነው። ተጫዋቹ እስከ 100 የሚደርሱ ጥቃቅን የዕፅዋት ፍጡራንን በአንድ ጊዜ ያዝዛል። ስም የላቸውም፤ አንዱን ከሌላው መለየትም አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን አንዱ ሲሞት ትንሽ ነፍስ ቀጭን ድምፅ እያሰማች ወደ ላይ ትወጣለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ማደሪያቸው ያልተመለሱት በአራዊት ይበላሉ፤ ተጫዋቹም ይህን ያያል። አዲስ ፒክሚን ማብቀል ቀላል ስለሆነ በስትራቴጂ ሒሳብ አሥር ቢሞቱ ምንም አይደለም። ያቺ ድምፅ ግን ሒሳቡን ታስረሳለች። ለዚህ ሠሪዎቹን ያስፈለጋቸው አንዲት ድምፅና አንዲት ትንሽ ሥዕል ብቻ ነው።

ሌላው መንገድ ፍቅሩን ከተጫዋቹ ወደ ጌሙ ሰዎች ማዛወር ነው። በ2018 በተጠናቀቀው «ሪምወርልድ» ውስጥ ተጫዋቹ በሩቅ ፕላኔት ላይ የወደቁ ጥቂት ሰዎችን ያስተዳድራል። ከሰዎቹ አንዱ አውሬ ሲያለማምድ አንዳንዴ ካልተሳካለት አውሬው ይዞርበታል፤ አንዳንዴ ደግሞ በሰውየውና በእንስሳው መካከል የተለየ ትስስር ይፈጠራል። ይህን ተጫዋቹ አያዝዘውም፤ ሲሆን ብቻ ይነገረዋል። ከዚያ ወዲያ ያ እንስሳ ከሌሎቹ እንስሳት አንዱ መሆኑ ያበቃል። ቢሞት ሰውየው ለቀናት ያዝናል፤ ኀዘኑ ከሌላ ችግር ጋር ከተደረበም ሥራ ጥሎ ሊያብድ ይችላል። ክረምቱ ከርሞ ምግብ ሲያልቅና ተጫዋቹ የትኛው እንስሳ ይታረድ ብሎ ዝርዝሩን ሲከፍት፣ የኪሎ ሒሳብ ብቻውን አይበቃውም። ማን ማንን እንደሚወድ ማየት አለበት። በሀገራችን ገጠር ከብት የሚጠብቅ ልጅ መንጋውን በቁጥር ሳይሆን ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ጉራች እያለ እንደሚያውቀው፣ እዚህም መንጋው ወደ ነጠላ ስም የሚመለሰው እንዲህ ነው።

«ሪምወርልድ» ይህን የተማረው ታርንና ዛክ አዳምስ የተባሉ ወንድማማቾች ከ2006 ጀምሮ ለሕዝብ ካቀረቡት «ድዋርፍ ፎርትረስ» ነው። ተጫዋቹ ድንኮችን በሚያስተዳድርበት በዚያ ጌም ድመት ባለቤቷን የምትመርጠው ራሷ ናት፤ የመረጠችው ድንክ ይወዳታል፣ ተጫዋቹም ሊያሳርዳት አይችልም። በ2015 መጨረሻ የመጠጥ ቤቶች ወደ ጌሙ ከተጨመሩ በኋላ ተጫዋቾች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ፤ ድመቶቻቸው መጠጥ ቤት ውስጥ እያስታወኩ ይሞቱ ነበር። ታርን አዳምስ ጉዳዩን ሲመረምር የተገኘው ይህ ነው፦ ድንኮቹ ሲጠጡ መሬት ላይ ያፈሳሉ፤ ድመቶቹ በላዩ ይራመዳሉ፤ እንደ ድመት ልማድ እግራቸውን ሲልሱ አልኮሉን ይውጣሉ። ፕሮግራሙ ደግሞ እያንዳንዱን መላስ እንደ ሙሉ ጽዋ ስለቆጠረው ትንሽ ሰውነታቸው አልቻለም። «ድመት ትስከር» የሚል ትእዛዝ የጻፈ ማንም አልነበረም። ብዙ ሰው ታሪኩን እንደ ቀልድ ያነሳዋል፤ ከዚያ በላይ ግን ነው። ስህተቱ ሊገኝ የቻለው ተጫዋቾቹ የሞቱት ድመቶች ስላሳዘኗቸውና ምክንያቱን ማወቅ ስለፈለጉ ነበር። እንስሳው ሰውነት፣ ልማድና መንስኤ ሲኖረው እንክብካቤ ወደ መመርመር ያድጋል፤ የሚመረምር ተጫዋች ደግሞ አይሰለችም።

እዚህ ላይ የ2024ቱን «ፓልወርልድ» ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በጃፓኑ ፖኬትፔር የተሠራው ይህ ጌም በመጀመሪያው አንድ ወር ገደማ 25 ሚሊዮን ተጫዋቾችን አግኝቷል። «ፓል» የሚባሉት ፍጡራን በሰፈር ውስጥ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ማዕድን ይፈልጣሉ፣ ያበስላሉ። ምግብ፣ አልጋና የፍል ውኃ መታጠቢያ ካጡ አእምሯቸው ይታወካል፤ ተጫዋቹም ሥራውን እንደፈለገ ሊያከብድባቸው ይችላል። ለታመመው መድኃኒት ተሠርቶ ይሰጣል፣ እርሱም ወደ ሥራው ይመለሳል። ጌሙ ብዙ ጥሩ ነገር አለው፤ በእንክብካቤ ረገድ ግን የጎደለው ይኸው ነው። ፍጡሩ የሚመልሰው ምርት ብቻ ሲሆን አልጋውም፣ መታጠቢያውም፣ መድኃኒቱም የማሽን ዘይት ይሆናሉ።

ተመሳሳይ አደጋ በጣም የሚወደድ ጌም ላይም ደርሷል። በ2019 የካምብሪጁ ፍሮንቲየር «ፕላኔት ዙ»ን አወጣ። የእንስሳት ማቆያ ከሚመራባቸው ጌሞች ሁሉ በዝርዝር የሚያክለው የለም። እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ስምና ከወላጆቹ የወረሰው ዘረመል አለው፦ ቁመናው፣ ዕድሜው፣ መራባቱ፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙ። በዝምድና ከተዳቀሉ ግልገሎቹ ይጎዳሉ። የመሬቱ ዓይነት፣ ዕፅዋቱ፣ ሙቀቱ፣ አብሮት የሚኖረው ብዛት፣ የሚጫወትበት ዕቃ ሁሉ ይለካል፤ ከጎደለ እንስሳው ይጨነቃል፣ ተቃዋሚዎችም በር ላይ ይሰበሰባሉ። ሐኪሞች አንድን ዝርያ ሲያጠኑ የተሻለ መኖና አዲስ መጫወቻ ይገኛል። ስለዚህ ተጫዋቹ ስለ ድቡ ባወቀ ቁጥር ድቡን የበለጠ ማስደሰት ይችላል፤ ዕውቀት እዚህ እንደ ሽልማት ይሠራል።

ብርቅ እንስሳት ግን በተራ ገንዘብ አይገዙም ነበር። የሚገዙት በጥበቃ ነጥብ ሲሆን፣ ነጥቡ ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ያራቡትን እንስሳ ወደ ዱር መልቀቅ ነው። ሐሳቡ ያማረ ነው። በተግባር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ተጫዋቾች ነብርና ጎሪላ ለማግኘት በገንዘብ የሚገዙና ቶሎ የሚራቡ እንስሳትን፣ በተለይም ከርከሮን፣ በብዛት ማራባት ያዙ። ከርከሮ መገበያያ ሆነ። በየግቢው የተወለደው ግልገል ስሙ ሳይነበብ ወደ ነጥብ ይለወጥ ነበር፤ ያ ሁሉ የዘረመልና የመኖሪያ ዝርዝር ለከርከሮው ምንም አልፈየደለትም።

ሌላ ቅሬታም ነበር። የጌሙ ሰዓት ፈጣን ስለሆነ ተጫዋቹ የዝሆኖቹን ግቢ አስተካክሎ፣ ዛፍ ተክሎ፣ ገንዳ ቆፍሮ እስኪጨርስ መጀመሪያ ያመጣቸው ዝሆኖች አርጅተው ይሞታሉ። በአስተዳደር ጌም ፍጥነት የሚፈለግ ነገር ነው፤ ትርፉም ሆነ እድገቱ ቶሎ እንዲታይ ነው የሚሠራው። የ«ፕላኔት ዙ» ተጫዋቾች ግን የጠየቁት ጊዜ ነበር። ፍሮንቲየርም ሰማቸው፤ በኋላ በወጣ ማሻሻያ እንስሳቱ የሚያረጁበትን ፍጥነት መቀነስ ተቻለ። ያንን ምርጫ የሚያበራ ተጫዋች የሚያገኘው ግልገል ጥቂት፣ ነጥቡም ትንሽ ነው። በምትኩ አንዲት ዝሆን ከተወለደችበት ቀን አንሥቶ ስታድግ፣ ስትወልድ፣ ስታረጅ እየተከታተለ ይመራል፤ ብዙዎችም አውቀው ይህን መርጠዋል።